ሮቦት ማዞር ምን ያስተምራል? ከውድድር መድረክ ወደ ገጠር መማሪያ ክፍል

ባሕር ዳር፦ በኢትዮጵያ የሮቦት ነገር ሲነሳ በብዙዎች ኅሊና ቀድማ የምትመጣው ሶፊያ ናት። በሰኔ 2010 ዓ.ም መጨረሻ አዲስ አበባ ገብታ ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ (ዶ.ር) ጋር የተገናኘችው ይህች ሰው መሰል ሮቦት የብዙዎችን ቀልብ ስባ ነበር። በሶፍትዌሯ ሥራ ላይ መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የአይኮግ ላብስ ወጣት ባለሙያዎች እጅ ስላለበትም ጉዳዩ የኩራት ምንጭ ሆኖ አልፏል።

ተማሪዎች በትምህርት ቤት የሚሠሩት ሮቦት ግን ሶፊያን አይመስልም። ሁለት ጎማ፣ ሁለት ትንንሽ ሞተር፣ አንድ የሚያስብ ሰሌዳ፣ ባትሪና አንድ ወይም ሁለት ሴንሰር ያለው የእጅ መዳፍ የሚያክል ጋሪ ነው። የሚሠራውም ጥቂት ነው፤ ወደፊት ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይዞራል። ዕንቅፋት ሲያጋጥመው ይሸሻል፣ መሬት ላይ የተሰመረ ጥቁር መስመር ካለም ይከተላል።

ይህ ትንሽ ጋሪ ዛሬ በሀገሪቱ የትምህርት ውይይት ውስጥ ቦታ እያገኘ መጥቷል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የተቋቋሙት የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስናና የሒሳብ (ስቴም) ማዕከላት ተማሪዎችን ከኤሌክትሮኒክስና ከፕሮግራም ሥራ ጋር እያስተዋወቁ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ኢኒሼቲቭም ኮዲንግ የሚለውን ቃል ከከተማ ቢሮ አልፎ እስከ ወረዳ ድረስ እንዲሰማ አድርጓል።

ጥያቄው ግን ከዚህ በኋላ ይመጣል። የመማሪያ መጽሐፍና ወንበር በሚያጥርበት፣ ኤሌክትሪክ ባልደረሰበት የገጠር ትምህርት ቤት ሮቦት ማስተማር ቅንጦት ነው ወይስ አስፈላጊ? አስፈላጊ ከሆነስ ምን ዓይነት የሮቦት ትምህርት ነው ለገጠሩ ልጅ የሚበጀው? መልሱን ለማግኘት ከመፈክሩ ወርዶ ወደ ትምህርቱ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል፤ ሮቦት ሲዞር ተማሪው ምን ይማራል ከሚለው።

ከመዞር የሚጀምር ሒሳብ

ጋሪው መሪ የለውም። የሚዞረው ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት ወይም በተቃራኒ አቅጣጫ ሲንቀሳቀሱ ነው። ይህ ለአርሶ አደር ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። እርፍ ጨብጦ ያረሰ ወይም ከአራሽ ኋላ የሄደ ልጅ፣ ጥንድ በሬ ማሳው ጫፍ ላይ ደርሶ ሲመለስ ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ወደ ውስጥ ያለው በሬ እርምጃውን ያሳጥራል፣ ወደ ውጭ ያለው ግን ሰፊ ዙር ይሄዳል። ትራክተር ነጂም ይህንኑ ያውቃል፤ የትራክተር የግራና የቀኝ ፍሬን ለየብቻ ፔዳል ያለው፣ በጠባብ ቦታ አንዱን የኋላ ጎማ ይዞ በሌላው ለመዞር ነው።

ተማሪው ይህን የሚያውቀውን ነገር በቁጥር እንዲገልጽ ሲጠየቅ ትምህርቱ ይጀምራል። የጎማው ዲያሜትር 6 ሴንቲ ሜትር፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ደግሞ 12 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ጋሪው ባለበት ቦታ ላይ 90 ዲግሪ እንዲዞር አንዱ ጎማ ወደፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ይሽከረከራል። እያንዳንዱ ጎማ የሚሄደው ዲያሜትሩ 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ሩብ ያህል ነው፤ ይህም 9.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የጎማው ዙሪያ 18.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ በመሆኑ ጎማው መሽከርከር ያለበት ግማሽ ዙር ወይም 180 ዲግሪ ነው ማለት ነው። አንዱ ጎማ ቆሞ ሌላው ብቻ ቢንቀሳቀስ ደግሞ የክቡ ሬዲየስ 12 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ለዚያው 90 ዲግሪ ጎማው አንድ ሙሉ ዙር መሽከርከር ይኖርበታል።

በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለፈተና ብቻ የሚሸመደደው የክብ ዙሪያ ቀመር እዚህ ላይ ሥራ ያገኛል። ስሌቱ ትክክል ከሆነ ጋሪው በታሰበው አቅጣጫ ይቆማል፤ ስህተት ከሆነ ግድግዳ ይመታል። መምህሩ ቀይ እስክሪብቶ ማንሳት አያስፈልገውም።

ሌላም አለ። ተማሪዎች ጋሪውን በካሬ መንገድ እንዲያስኬዱ ሲጠየቁ "ወደፊት ሂድ፣ 90 ዲግሪ ዙር" የሚለውን ትእዛዝ 4 ጊዜ ይደግማሉ፤ ቀላል ነው። ሦስቱም ጎኑ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን እንዲሠሩ ሲጠየቁ ግን አብዛኞቹ በመጀመሪያ 60 ብለው ይጽፋሉ፤ የሦስት ማዕዘኑ ውስጣዊ ማዕዘን 60 ዲግሪ መሆኑን ተምረዋልና። ጋሪው ግን ሦስት ማዕዘን አይሠራም። ትእዛዙን ደጋግመው ካስቀጠሉት ባለ 6 ጎን ቅርጽ ይዞር ይጀምራል። የሚዞረው በውጫዊው ማዕዘን መሆኑን፣ ይህም 120 ዲግሪ እንደሆነ፣ የትኛውንም ዝግ ቅርጽ ዞሮ ወደ መነሻው የተመለሰ በጠቅላላው 360 ዲግሪ እንደሚዞር የሚረዱት ራሳቸው ወለሉ ላይ ቆመው፣ በእግራቸው ተራምደው ሲሞክሩት ነው።

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 ዓ.ም አሜሪካ ውስጥ ሎጎ የተባለው የልጆች የፕሮግራም ቋንቋ ሲፈጠር ከፈጣሪዎቹ አንዱ የነበረው ትውልደ ደቡብ አፍሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ሲይሞር ፓፐርት ዓላማው ሁሉንም ልጅ የኮምፒውተር ባለሙያ ማድረግ አልነበረም። ልጆች "ወደፊት 50፣ ቀኝ 90" እያሉ ኤሊ የተባለውን ትንሽ ሮቦት ሲያዝዙ ሒሳብን እንደ ቋንቋ እንዲናገሩት ነበር የፈለገው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ይህ ልምድ ዛሬም የሮቦት ትምህርት መለኪያ መሆን ይችላል።

ሴንሰር እውነቱን ሁሉ አይናገርም

መዞርን በስሌት ብቻ የሚያደርግ ጋሪ ዓይኑን የጨፈነ መንገደኛ ነው። በእያንዳንዱ ማዕዘን ላይ 2 ዲግሪ ብቻ ቢሳሳት ከ4 ማዕዘን በኋላ ስህተቱ 8 ዲግሪ ይሆናል፤ በዚያ አቅጣጫ 10 ሜትር ቢሄድ ከታሰበው ቦታ 1.4 ሜትር ገደማ ይርቃል። በተለይ "ለግማሽ ሰከንድ ዙር" ተብሎ በጊዜ የታዘዘ ጋሪ ባትሪው ሙሉ ሲሆን አብዝቶ፣ ባትሪው ሲደክም ደግሞ አሳንሶ ይዞራል። አቧራ ባለበት ወለል ላይ ጎማው ይንሸራተታል። የጎማውን ዙር የሚቆጥር ሴንሰር የባትሪውን ችግር ይፈታል፤ መንሸራተትን ግን አያውቅም። የአካልን መዞር የሚለካው ጋይሮስኮፕ ሁለቱንም ይበልጣል፤ እሱም ቢሆን ጊዜ በረዘመ ቁጥር ትንንሽ ስህተቶችን እያጠራቀመ ይሄዳል።

ዕንቅፋት ለማወቅ የሚያገለግለው የድምፅ ሞገድ ሴንሰርም እንዲሁ ነው። ሰው የማይሰማው ድምፅ ይልካል፤ ገደል ማሚቶው እስኪመለስ ይጠብቃል። አየሩ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ድምፁ ደርሶ ለመመለስ የሰከንድ 6 ሺህኛ ከወሰደበት የደርሶ መልስ ጉዞው ለ2 ተካፍሎ ዕንቅፋቱ 1 ሜትር ያህል ርቀት ላይ እንዳለ ይታወቃል። ይሁን እንጂ የአየሩ ሙቀት በ1 ዲግሪ በተለወጠ ቁጥር የድምፁ ፍጥነት በሰከንድ በ0.6 ሜትር ገደማ ይለወጣል፤ በደጋ ማለዳና በቀትር የሚለካው አንድ አይደለም። ግድግዳው ሰያፍ ከሆነ ድምፁ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይነጥርና ሴንሰሩ ፊት ለፊቱ ባዶ እንደሆነ ያስባል። ጋቢ የለበሰ ሰው ፊቱ ቢቆም ደግሞ ለስላሳው ጨርቅ ድምፁን ስለሚውጠው ጋሪው ሳያየው ሊጋጨው ይችላል።

መስመር የሚከተለው የብርሃን ሴንሰርም የሚሰጠው "ጥቁር" ወይም "ነጭ" የሚል ቃል ሳይሆን ቁጥር ነው። ነጩ ወለል 80፣ ጥቁሩ መስመር 20 ካነበበ ተማሪው መካከሉን 50 ብሎ ወሰን ያደርጋል፤ ከ50 በታች ከሆነ ወደዚህ ዙር፣ ካልሆነ ወደዚያ ዙር የሚል ትእዛዝ ይጽፋል። ጠዋት የሠራው ፕሮግራም ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ይበላሻል። ያኔ ተማሪው ፕሮግራሙን ሳይሆን ልኬቱን እንደገና መመርመር እንዳለበት ይገነዘባል።

የሮቦት ትምህርት ትልቁ ፍሬ እዚህ ላይ ነው። ማሽን የሚሰጠው ቁጥር በሁኔታ የተገደበ መሆኑን፣ ቁጥሩን ከማመን በፊት መለኪያውን መፈተሽ እንደሚገባ ልጁ በእጁ ይማራል። ይህ ልማድ ከሮቦት በላይ ይሄዳል፤ ለሕክምና መሣሪያ፣ ለአየር ትንበያ፣ ለአፈር ምርመራም ያስፈልጋል።

ሴንሰሩ ማሳ ላይ ሲወርድ

ለገጠሩ ተማሪ የሮቦት ትምህርት ትርጉም የሚያገኘው ከሚያውቀው ሥራ ጋር ሲገናኝ ነው። ለዚህም መስኖ ከሁሉ የቀረበ ምሳሌ ነው። በመራዊ አቅራቢያ የሚገኘው የቆጋ መስኖ ፕሮጀክት 7 ሺህ ሄክታር ገደማ መሬት ለማልማት የተገነባ ነው። በእንዲህ ዓይነት መስኖ ውስጥ አርሶ አደሩን የሚፈትነው የውኃ እጥረት ብቻ አይደለም፤ ተራው ሲደርስ ውኃ አብዝቶ ማጠጣትም አለ። የበዛ ውኃ ማዳበሪያውን ከሥር በታች ይዞት ይወርዳል፣ አፈሩን ያቆረዋል፣ የታችኛውን ተጠቃሚ ድርሻም ይበላል። ውኃው ከላይ ሲታይ በቂ መስሎ ከሥር ግን አለመድረሱ፣ ወይም ከሥር አልፎ መሄዱ በዓይን አይታወቅም።

ለዚህ ችግር በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የተሠራ ቀላል መሣሪያ በኢትዮጵያ የመስኖ አካባቢዎችም ተሞክሯል። እንደ ማንቆርቆሪያ ማጥለያ ያለ ቅርጽ ኖሮት በተለያየ ጥልቀት ይቀበራል፤ ውኃው እዚያ ጥልቀት ሲደርስ ከላይ ያለው አመልካች ብቅ ይላል። ባትሪ የለውም፣ ኮምፒውተር የለውም። ሆኖም ሴንሰር ነው፤ የማይታየውን ለክቶ "አሁን ውኃውን ዝጋ" የሚል ምልክት ይሰጣል። ምልክቱን ዐይቶ ቦዩን የሚዘጋው አርሶ አደር የፕሮግራሙን "ከሆነ" እና "ካልሆነ" በራሱ ይፈጽማል።

ተማሪው በክፍል ውስጥ በጋሪ ላይ የተማረው ነገር ከዚህ ጋር አንድ ነው። በጋሪው ላይ የነበረውን የብርሃን ሴንሰር አንሥቶ በቦታው የአፈር እርጥበት ሴንሰር ቢተካ፣ ሞተሩን በትንሽ የውኃ መሳቢያ ቢለውጥ፣ የሚጽፈው ፕሮግራም አይለወጥም ማለት ይቻላል፤ ንባቡ ከወሰኑ በታች ከሆነ አጠጣ፣ ካልሆነ ቁም።

ያው ጥንቃቄም ይከተለዋል። ጥቁር ዋልካ አፈር ውኃን አጥብቆ ስለሚይዝ ሴንሰሩ እርጥብ ነው ባለበት ሰዓት ተክሉ ሊጠማ ይችላል፤ አሸዋማ አፈር ደግሞ ያለውን ጥቂት ውኃ በቀላሉ ይለቃል። ስለዚህ ለአንዱ ማሳ የተቀመጠ ወሰን ለጎረቤቱ ላይሠራ ይችላል። ሁለት የብረት ጥርስ ያላቸው ርካሽ የእርጥበት ሴንሰሮች ኤሌክትሪክ ሁልጊዜ ሲያልፍባቸው በአጭር ጊዜ ውስጥ ይዝጋሉ፤ የሚነበቡበት ሰዓት ብቻ ኤሌክትሪክ እንዲያገኙ ፕሮግራሙ ቢጻፍ ግን ዕድሜያቸው ይረዝማል። አፈርን የሚያውቅ የግብርና ተማሪና ፕሮግራም የሚጽፍ የኮምፒውተር ተማሪ አንዱ ያለ ሌላው ይህን ሥራ ሊወጣው አይችልም።

በእርሻ መካናይዜሽንም ጉዳዩ ተመሳሳይ ነው። ስንዴ በኩታ ገጠም በሚለማባቸው አካባቢዎች ትራክተርና ኮምባይነር እየተለመደ ነው። አዳዲሶቹ ማሽኖች የሳተላይት አቅጣጫ ጠቋሚና ልዩ ልዩ ሴንሰሮች ይዘው ይመጣሉ። ትራክተሩ በማሳው ጫፍ ሲዞር ትልም ቢደርብ ዘርና ማዳበሪያ ይባክናል፤ ቢዘልል መሬት ባዶ ይቀራል። እነዚህን ማሽኖች የሚነዳ፣ የሚጠግን፣ ልኬታቸውን የሚያስተካክል ባለሙያ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ የሮቦት ትምህርት ጥያቄ ጭምር ነው። አንድ ሴንሰር ተበላሽቶ ማሽን በመኸር ሰዓት ቢቆም የሚከስረው ዝናብ ሳይዘንብበት አዝመራውን መሰብሰብ ያለበት አርሶ አደር ነውና።

መሠረቱ ይቅደም የሚለው ክርክር

የዚህ ሐሳብ ተቃዋሚዎች የሚያነሡት ነጥብ ክብደት አለው። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኗል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም በቆየው የሰሜኑ ጦርነት በአማራ ክልል በርካታ ትምህርት ቤቶች ወድመዋል፣ ተዘርፈዋል፤ ከዚያ በኋላ በቀጠለው ግጭትም ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ጣሪያ የሌለው ክፍል፣ መጽሐፍ ያልያዘ ተማሪ ባለበት ስለ ሮቦት ማውራት ቅድሚያን ማዛባት ነው የሚሉ ወገኖች አሉ።

ክርክሩ ትክክል የሚሆነው የሮቦት ትምህርት ማለት ውድ ዕቃ ገዝቶ ጥቂት ተማሪዎችን ለውድድር ማዘጋጀት ከሆነ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ትምህርት ለአንድ ሰሞን ፎቶግራፍ ያምራል፤ ለቀሩት መቶዎች ግን ምንም አይጨምርም። የሮቦት ትምህርት ክፍልፋይን፣ ማዕዘንን፣ ፍጥነትንና ርቀትን በተግባር የማስተማሪያ መንገድ ተደርጎ ከተወሰደ ግን ከመሠረታዊው ትምህርት ጋር አይሻማም፤ ያግዘዋል። የሒሳብ ውጤቱ ዝቅ ያለ ሀገር ሒሳብን በእጅ የሚዳሰስ የሚያደርግ መሣሪያ ሊንቅ አይገባም።

ከዚህም ሌላ ትምህርቱ ያለ ሮቦት ሊጀመር ይችላል። በትምህርት ቤቱ ግቢ በአመድ ወይም በኖራ አደባባይ ይሰመራል። አንድ ተማሪ ዓይኑን በነጠላ ይሸፍንና "ሮቦት" ይሆናል፤ የሚያውቀው አራት ቃል ብቻ ነው፤ ወደፊት፣ ቀኝ ዙር፣ ግራ ዙር፣ ቁም። ሌላው ትእዛዙን አስቀድሞ በወረቀት ይጽፋል። እጁ ግድግዳ ሲነካ የሚቆመው ተማሪ የንክኪ ሴንሰር ያለው ሮቦት ሆነ ማለት ነው። ገበጣን የሚጫወት ልጅ ጠጠሮቹን ከየጉድጓዱ አንሥቶ በሕግ እየዘራ ሲሄድ፣ እጁ ባዶ ሲሆን ምን ማድረግ እንዳለበት ሲወስን ድግግሞሽንና ሁኔታን ያውቃል፤ መምህሩ ይህን ዕውቀት በስሙ መጥራት ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ዕቃው በቁም ሳጥን ሲቆለፍ

ገንዘብ ቢገኝና ዕቃው ቢገዛ እንኳ ችግሩ አያበቃም። በገጠር ትምህርት ቤቶች የቤተ ሙከራ ዕቃዎች ዕጣ ምን እንደሆነ የታወቀ ነው። ይጠፋል፣ ይሰበራል ተብሎ ይቆለፍበታል፤ ቁልፉን የያዘው መምህር ሲዛወር ማን እንደሚረከበው ግራ ይገባል። የሮቦት ዕቃ ከዚህ የተለየ ዕጣ እንዲኖረው ሦስት ነገሮች ይወስናሉ።

የመጀመሪያው መምህሩ ነው። የሁለት ወይም የሦስት ቀን ሥልጠና የወሰደ መምህር ከመመሪያው ላይ ያለውን ፕሮግራም ማስገልበጥ ይችላል። ጋሪው ሲሳሳት ግን ስህተቱ ከፕሮግራሙ ነው፣ ከሽቦው ነው፣ ከባትሪው ነው ወይስ ከሴንሰሩ ብሎ ማጣራት ልምድ ይጠይቃል። የተገለበጠ ፕሮግራም የሮጠለት ተማሪ ምንም አልተማረም ማለት ይቻላል፤ የተማረው ያልሠራለትና ለምን እንዳልሠራ ያወቀው ነው። ስለዚህ የመምህራን ሥልጠና ጊዜ መዋል ያለበት በመገጣጠም ላይ ብቻ ሳይሆን ብልሽትን በመፈለግ ላይም ነው።

ሁለተኛው የዕቃው ምርጫ ነው። የሌጎ ኩባንያ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለትምህርት ቤቶች ሲያቀርብ የቆየውን ማይንድስቶርምስ የተባለ የሮቦት ዕቃ በ2022 መጨረሻ ማምረት አቁሟል። ሙሉ ትምህርታቸውን በአንድ ኩባንያ ዕቃ ላይ የመሠረቱ ትምህርት ቤቶች በመለዋወጫ ሊቸገሩ ይችላሉ። በአንጻሩ በ2005 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ የተጀመረው አርዱዪኖ ንድፉ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ ብዙ አምራቾች ያመርቱታል፤ አንዱ ክፍል ቢበላሽ ያ ክፍል ብቻ ይለወጣል። በ2016 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ እስከ አንድ ሚሊዮን ለሚደርሱ የ11 እና የ12 ዓመት ተማሪዎች በነጻ እንዲታደል የተዘጋጀው ማይክሮቢት የተባለው ሰሌዳ ደግሞ በሁለት ትንንሽ ባትሪ ድንጋዮች ይሠራል፤ ፕሮግራሙም ኮምፒውተር ላይ አስቀድሞ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ሊጻፍ ይችላል። ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ወረዳ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። በኢንተርኔት ብቻ የሚሰጥ የኮዲንግ ሥልጠና ሊደርስበት ያልቻለው ተማሪ ዘንድ እንዲህ ያለው ሰሌዳ ሊደርስ ይችላል።

ሦስተኛው ጊዜውና ተካፋዩ ነው። የሮቦት ትምህርት በክበብ መልክ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሲሰጥ ቤታቸው ቅርብ የሆኑ ወንዶች ልጆች ይበዙበታል። ረጅም መንገድ ተጉዛ የምትመለስ፣ ቤት ስትደርስም ውኃ መቅዳትና ማገዶ መልቀም የሚጠብቃት ልጃገረድ ክበቡ ላይ አትገኝም። ትምህርቱ በሒሳብ ወይም በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ሲገባ ግን እሷም ትኖራለች። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል 10 ጋሪ ቢኖር ለ6 ተማሪ አንድ ይደርሳል፤ አንዱ ይለካል፣ አንዱ ያሰላል፣ አንዱ ትእዛዙን ይጽፋል፣ አንዱ ይገጣጥማል፣ አንዱ ስህተቱን ይመዘግባል፣ አንዱ ያስረዳል። ሥራው በየሳምንቱ ካልተቀያየረ ግን ልጃገረዶቹ መዝጋቢ፣ ወንዶቹ ገጣጣሚ ሆነው መቅረታቸው አይቀርም።

ቋንቋም ሳይጠቀስ የማይታለፍ ነው። "ቀኝ ዙር" የሚለውን በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚያስብ ልጅ ትእዛዙን በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ሁለት ሸክም ይሸከማል። ሐሳቡን በመጀመሪያ በአማርኛ፣ በአዊኛ፣ በኽምጣና ወይም በኦሮምኛ በወረቀት ጽፎ ቀጥሎ ወደ ፕሮግራሙ ቋንቋ ቢሸጋገር ስህተቱ ከሐሳቡ ይሁን ከእንግሊዝኛው ለመለየት ይቀላል።

ማን ምን ያድርግ?

ክልሉ ከባዶ አይነሣም። ዩኒቨርሲቲዎቹ የስቴም ማዕከላት አሏቸው፤ ችግሩ ማዕከላቱ በከተማ መሆናቸው ነው። ተማሪውን ከገጠር ወደ ከተማ ከማምጣት ይልቅ የማዕከሉን ዕቃ በሣጥን ይዞ ወደ ጉድኝት ትምህርት ቤቶች መሄድ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዘዋወረም መምህሩን ሥራው ላይ እያለ ማገዝ ብዙ ልጆችን ይደርሳል። ዕቃው የአንድ ትምህርት ቤት ሳይሆን የጉድኝቱ ስለሚሆንም የመቆለፍ ዕድሉ ይቀንሳል።

እንደ ወረታ ያሉ የግብርና ኮሌጆችና በየቀበሌው ያሉ የአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከላት ደግሞ ሌላው ድልድይ ናቸው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ በአፈርና በሰብል ያለው ዕውቀት ከትምህርት ቤቱ መምህር የሒሳብ ዕውቀት ጋር ቢገናኝ የተማሪዎቹ የእርጥበት ሴንሰር በማሠልጠኛ ማዕከሉ ሠርቶ ማሳያ ላይ ሊፈተን ይችላል። አርሶ አደሩ ልጁ የሠራውን ነገር ቲማቲሙና ሽንኩርቱ ላይ ሲያየው ትምህርቱ ምን እንደሚጠቅም ማስረዳት አያስፈልግም። ካልሠራም ለምን እንዳልሠራ የሚናገረው ከሁሉ በፊት እሱ ነው።

ምዘናውም ሊታሰብበት ይገባል። ውድድር ተማሪን ያነቃቃል፤ በዓለም አቀፍ መድረክ መቅረብም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የአንድ ክልል የሮቦት ትምህርት ስኬት በተገኘ ዋንጫ ብቻ ከተለካ ገንዘቡ ሁሉ ወደ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ይሄዳል። ስንት ተማሪ ጋሪውን በራሱ ስሌት አዞረ? ስንቱ የሴንሰሩን ስህተት አገኘ? ከዓመት በኋላ ስንቱ ዕቃ በሥራ ላይ ነው? የትምህርት ቢሮና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ሪፖርት እነዚህን ጥያቄዎች ቢመልስ የተዘረጋው እጅ ሁሉ ምን እንደፈየደ ይታወቃል።

ሴንሰር ያለው ማሽን ወደ ገጠር መግባቱ አይቀርም። በመስኖ ቦዩ፣ በኮምባይነሩ፣ በወተት ማቀዝቀዣው፣ በፀሐይ ኃይል በሚሠራው የውኃ መሳቢያ ውስጥ እየገባም ነው። ልዩነቱ ማሽኑ ሲሳሳት የሚሆነው ላይ ነው። አንደኛው መንደር ከከተማ ባለሙያ እስኪመጣ ማሽኑን አቁሞ ይጠብቃል፤ በሌላው መንደር ግን በ8ኛ ክፍል ሳለች ትንሽ ጋሪ ስታዞር የነበረች ወጣት ክዳኑን ከፍታ ባትሪው ነው፣ ሽቦው ነው ወይስ ልኬቱ ብላ ትመረምራለች። ክልሉ ዛሬ በትምህርት ቤቶቹ የሚወስነው ውሳኔ ነገ ከእነዚህ ሁለት መንደሮች የትኛው እንደሚበዛ ይወስናል።